አራዳው አባትና ፋራው ልጅ

ክለብ እንደ ካልሲ የሚቀያይሩ ሰዎች እየተበደሉ ነው። ተገለባጭ ይሏቸዋል፤ ወላዋይ ይሏቸዋል። ግፍ ነው! እነዚህ ሰዎች በዕድሜያቸው አንድ ጨዋታ ተሸንፈው አያውቁም። ክለቡ ይሸነፍ ይሆናል፤ በዚያ ሰዓት ግን እነሱ የዚያ ክለብ ደጋፊ አይደሉም።

አንድ የማውቀው አባት የዚህ ጥበብ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ማንቸስተር ዩናይትድ ሻምፒዮንስ ሊጉን ሲያነሳ የለየለት ዩናይትድ ነበር። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፤ ዋንጫውም የነሱ ነው።) በ2004 አርሰናል አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የእንግሊዝን ሊግ ሲጨርስ፣ ኳስ ማለት ውበት መሆኑ ድንገት ተገለጠለት። በዓመቱ ቼልሲ ሻምፒዮን ሲሆን ደግሞ «ውበት ዋንጫ አይሆንም» አለ። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ቀን እንኳ አላፈረም። ሊቅነት ይህ ነው።

ችግሩ የመጣው በ2021 ነው። ሮናልዶ ወደ ዩናይትድ ተመለሰ፤ አባትም አብሮት ተመለሰ። በደስታው መሃል ለትንሹ ልጁ የሮናልዶን 7 ቁጥር ማልያ አለበሰው። በ2022 መጨረሻ ሮናልዶ ከክለቡ ጋር ተጣልቶ ወጣ። አባትም በዚያው ሳምንት ወጣ። ልጁ እዚያው ቀረ። ማንም «ና፣ እንሂድ» አላለውም መሰለኝ።

አሁን ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው። ክለቡ ሊጉን ሲያነሳ አይቶ አያውቅም፤ ለመጨረሻ ጊዜ ያነሳው በ2013፣ እሱ ሳይወለድ ነው። ማልያው ጠቦት እምብርቱ ይታያል። የ7 ቁጥሩ አናት ተልጦ 1 መስሏል። ልጁ ይህን ሲያይ አልከፋውም፤ «በቃ፣ በረኛ ሆንኩ» ብሎ ሰፈሩ ጨዋታ ላይ ጎል ውስጥ ገባ።

በ2024/25 ዩናይትድ በሊጉ 18 ጨዋታ ተሸንፎ 15ኛ ሆነ። የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ደርሶ ነበር፤ እዚያም በቶተንሃም 1 ለ 0 ተሸነፈ። ቶተንሃም ደግሞ ሊጉን 17ኛ ሆኖ የጨረሰ ቡድን ነው። አራዳ ሰው እንዲህ ያለውን ጨዋታ ከዕረፍት በኋላ ትቶ ይተኛል። ልጁ ግን የመጨረሻው ፊሽካ እስኪነፋ አልተነሳም። አለቀሰ። አፍንጫውን በማልያው ጠረገ። ከዚያ «ቀጣዩ ጨዋታ መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። በነጋታውም ያንኑ ማልያ ለበሰ።

አባትየው ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም። ሳይንስ እንኳ ከሱ ጋር ነው። በ1976 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ሲያልዲኒና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቡድናቸው ካሸነፈ በኋላ ባለው ሰኞ የተቋማቸውን ስም የያዘ ልብስ ይበልጥ ለብሰው ይታዩ ነበር። የተማረ ሰው እንዲህ ነው የሚለብሰው! ይህ ልጅ ግን ቁም ሳጥን ከፍቶ የደረጃ ሰንጠረዥ አያይም።

ታሪክም የአራዶች ምስክር ነው። ዩናይትድ በ1999 በዚያ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ባየርን ሙኒክን ባሸነፈ በአራተኛው ቀን ማንቸስተር ሲቲ ዌምብሌይ ላይ ከጊሊንግሃም ጋር ይጫወት ነበር። ለዋንጫ አይደለም፤ ከሦስተኛው እርከን ለመውጣት። 90ኛው ደቂቃ ሲቃረብ 2 ለ 0 እየተመራ ነበር። አንዳንድ ደጋፊ ተነስቶ ወጣ። ከዚያ ሲቲ ሁለት አገባ፤ በመለያ ምትም አሸነፈ። የቀሩት እየተቃቀፉ ሲያለቅሱ፣ ቀድመው የወጡት ግን መንገድ ሳይጨናነቅባቸው ቤታቸው ገብተዋል። ይህ ቀላል ትርፍ ነው?

የእኛ አባት ሲቲ በ2023 ሦስት ዋንጫ ሲያነሳ ይህን ጨዋታ ለልጁ ተርኮለታል። «ያኔ እኮ ሦስተኛ እርከን እያለን...» እያለ። በዚያው የ1999 ሳምንት ለዩናይትድ ሲጨፍር እንደነበር ልጁ አያውቅም። እኔም አልነገርኩትም፤ የአባት ክብር አለ።

በ2025 ሊቨርፑል ሊጉን ሲያነሳ አባት ሊቨርፑል ነው ስል፣ ክረምት ላይ ልጁን ሊያስመክር መጣ። «አጎትህ ይንገርህ» አለና እኔ ፊት አስቀመጠው። እንግዲህ ምን ልበል? የየትኛውን ክለብ ማልያ እንደሚፈልግ ጠየቅኩት።

«ያንኑ። ግን ሰፋ ያለ» አለ። «ዘንድሮ ዋንጫውን እንበላዋለን።»

አባት ራሱን ነቀነቀ። «አንተስ? ሊቨርፑል ትቀጥላለህ?» አልኩት።

«አትቸኩል እንጂ» አለኝ። «መጀመሪያ አሥር ጨዋታ ይታይ።»