ታዛዡ ውሃችን

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ የባዮሎጂ ሙከራ ሪፖርቷን ይዛ መጣች። አንዱ መስመር ላይ ትልቅ ቀይ ኤክስ ተሰምሮበታል። «ውሃው በ93 ዲግሪ ፈላ» ብላ ጽፋ ነበር። ድፍረት!

ሌሎቹ፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ በሙሉ 100 ነው ያሉት። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ቴርሞሜትር አንድ ነው፤ እሱም እሷ እጅ። የቀሩት ሳያዩ አወቁት። የትምህርት ጥራት ማለት ይሄ ነው። መለካትማ ለማያውቅ ሰው ነው።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ከፍታው ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል። ስለዚህ ውሃ እዚህ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ባቄላችን ለመብሰል የሚያንገላታን አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የትምህርት ቤቱ ውሃ ግን የተማረ ውሃ ነው። መጽሐፉን አንብቧል። 93 ላይ ሲደርስ መንተክተክ ያምረዋል፤ ራሱን ይገዛል። «ቆይ፣ ሰባት ዲግሪ ይቀረኛል» ይላል። አረፋውን ዋጥ ያደርጋል። ስታርች እንዳለው ሊፈተሽ የመጣው ቅጠል ተነክሮ ይጠብቃል። አልኮሉ ተራውን ይጠብቃል። አዮዲኑም ብልቃጡ ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። 100 ሲሞላ፣ ደወል እንደሰማ ተማሪ፣ ግር ብሎ ይፈላል። ተቆጣጣሪ የመጣ ቀንማ 101 ገብቶ እጅ ሳይነሳ አይቀርም። ያልሠለጠነው ቴርሞሜትሩ ብቻ ነው። እሱም «ተበላሽቷል» ተብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ታስሯል።

የልብ ምቱስ? ክፍሉ በሙሉ 72! ረፍዶበት ከአዘዞ መንገድ እየሮጠ የገባውም 72፣ ኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ የወሰደውም 72። ደንቡ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ነበር። አንድ ምት ብትስት ስህተቱ አራት ይሆናል። እዚህ ግን የቆጠረ ስለሌለ የሳተም የለም።

ድንች የመመዘኑን ሙከራ ልለፈው። ሚዛኑ ባዶውን 2 ግራም ይላል። ቅዳሜ ገበያ ቢሆን ጠብ ይነሳ ነበር።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅር። ልጅቷ ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗን ከመስመሩ ትክክል አድርጋ፣ ሦስቴ አንብባ ነው የጻፈችው። 93፣ 93፣ 92.5። እና ተሳሳትሽ ተባለች! በዚያ ክፍል ያልዋሸችው እሷ ብቻ ናት። ነገ ክሊኒክ ገብቶ የሕፃን ትኩሳት የሚለካልን ማን ሊሆን ነው? «መቼም 37 ነው» ብሎ የሚሞላው?

ማታ ቡና ተፈላ። ልጅቷ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ ጀበናውን ትክ ብላ ታያለች።

«ጋሼ፣ ይሄስ ስንት ላይ ነው የሚፈላው?»

«ለፈተና ከሆነ 100 በይ» አልኳት።

ጀበናው ሳይጠብቀን ገነፈለ።