ጭቃ ቤት አይቆይም ያለው ማነው?

የደራሲዎቻችን የትውልድ ቤት የት ሄደ ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ «ጭቃ ቤት ነበር፣ ፈርሷል።» ይቺ መልስ አትዋጥልኝም።

ስኮትላንድ ውስጥ አሎዌይ የምትባል መንደር አለች። የገጣሚው ሮበርት በርንስ አባት እ.ኤ.አ. በ1757 እዚያ በገዛ እጁ ቤት ቀለሰ። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ሳር። ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር ነው የሚያድሩት፣ ማድ ቤቱ እዚህ፣ ጋጣው እዚያ። በርንስ በ1759 የተወለደው እዚያው ማድ ቤት ውስጥ ካለች አልጋ ላይ ነው። ገና አራስ ቤት ሳሉ ነፋስ የቤቱን አንድ ጎን ደረመሰውና እናትና ልጅ ጎረቤት ተጠጉ። ገጠር ያደገ ሰው ይሄን ሲሰማ የስንቱ ዘመዱ ቤት ትዝ ይለዋል!

ያ ቤት ዛሬም ቆሟል። በተአምር እንዳይመስላችሁ። በ1781 የኤር ከተማ ጫማ ሠሪዎች ማኅበር ገዛው፣ ከዚያ መጠጥ ቤት ሆነ። ገጣሚው ከሞተ በኋላ አድናቂው ሲጎርፍ ገበያው ደራ (በርንስ ራሱ መጠጥ የሚጠላ ሰው አልነበረምና የሚቀየም አይመስለኝም)። በ1881 የመታሰቢያው ባለአደራዎች ገዙት። ሳሩ ሲያረጅ ይቀየራል፣ ግድግዳው ሲጎዳ ይጠገናል። ሌላ ምስጢር የለውም።

ጥገና ደግሞ ለእኛ ብርቅ ነው እንዴ? ከመስቀል በኋላ እዚህ ቡራዩ ብቅ በሉ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር ይረገጣል፣ እስኪቦካ ይተዋል፣ ከዚያ ክረምቱ ያጠበው ግድግዳ እንደገና ይመረጋል። ክዳኑ ሰፋ ብሎ ከወጣ፣ የጣሪያው ውሃ ከግድግዳው ሥር እንዲርቅ ቦይ ከተቀደደለት፣ ምስጥም ቋሚውን ካልበላው ጭቃ ቤት የልጅ ልጅ ያሳድጋል። ከዝናቡ ይልቅ የሚጥለው «ሰፈሩ ሊነሳ ነው» የሚለው ወሬ ነው። ነገ ዶዘር ይመጣል የተባለ ሰው ምን አግብቶት ይመርጋል?

ከቡራዩ በዚሁ መንገድ ወደ ምዕራብ ብትነዱ አምቦ ትገባላችሁ። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. የተወለደው እዚያው አካባቢ፣ ቦዳ ነው። መቃብሩ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል እንደሆነ ብዙ ሰው ያውቃል። ቦዳን ግን ስንቱ ያውቃታል? ለቀብር ሲሆን ማን ብሎን።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሰው እየኖረበት ከሆነ «ቅርስ ነው» ብሎ ብሎኬት እንዳይሠራ መከልከል ግፍ ነው። ድሃ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ቁጭ ብሎ የእኛን ታሪክ እንዲጠብቅልን አይፈረድበትም። ወይ በቂ ካሳ ከፍሎ መግዛት፣ ወይ በየዓመቱ የምርጊቱንና የክዳኑን ወጪ መሸፈን ነው እንጂ በሩ ላይ ታፔላ ሰቅሎ መሄድማ ማንን ያቅተዋል? ባለሙያ ጠፋ እንዳይባል ደግሞ ጭቃ የሚያቦካና የሚመርግ ሰው እዚሁ ሞልቷል፣ የቀን ሂሳቡን ከፍሎ ማሠራት ነው።