ቆሎውን አትርገሙት

አውቶቡስ ደብረ ሲና ሲቆም ቆሎ የማይገዛ መንገደኛ አለ? እኔም ገዛሁ። ጣርማበርን ወጥተን ሳንጨርስ አንዲት ሽምብራ ከመንጋጋዬ ጋር ተፋጠጠች። ቀጭ! ግማሽ ጥርሴ መዳፌ ላይ ቀረ። እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ቆሎ ሻጯን ስረግም ሄድኩ።

የጥርስ ሐኪሟ ግን ቆሎውን ነጻ አወጣችው። ጥርሱ ድሮውንም ከውስጥ ተቦርቡሮ ቀፎው ብቻ ነበር የቀረው። «ሻይ በስንት ማንኪያ ስኳር ነው የሚጠጡት?» አለችኝ። በሦስት። በቀን ስንቴ? አምስቴ። ደብረ ብርሃን ነው እኮ፣ ብርዱን በምን እንቻለው?

«ጥርሴን ትል በላው» እንላለን እንጂ ትል የለም። ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ስኳር ሲያገኙ አሲድ ያመርታሉ፤ አሲዱ የጥርስን ጠንካራ ሽፋን ያሟሟል። ምራቅ አሲዱን ያጥባል፣ የጎደለውንም ማዕድን ቀስ በቀስ ይመልሳል። ለዚህ ግን ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ፋታ ይፈልጋል። አንዱን ብርጭቆ ከምሳ ጋር ጠጥቶ መገላገልና ቀኑን ሙሉ ፉት ሲሉ መዋል ለዚህ ነው የሚለያዩት። ፉት ባልን ቁጥር አሲዱ እንደ አዲስ ይጀምራል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ የሚጨመር ስኳር በቀን ወደ 25 ግራም ቢወርድ ይመረጣል ይላል። ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ መሆኑ ነው። የእኔ ሻይ ብቻውን 15 ማንኪያ ነው። ለስላሳውን ገና አልቆጠርኩም።

የገጠር ዘመዶቼ በሶውን በጨውና በበርበሬ ነው የሚበሉት፤ ቡናውንም በጨው ይጠጡታል። (ጨውም የራሱ ጣጣ አለው፣ እሱን ለደም ግፊት ሐኪም እንተወው።) እኛ ከተሜ ሆንን ብለን በሶውን በስኳር በጠበጥነው። የቡና ቁርስ የነበረው ቆሎ ቀርቶ ፈንዲሻ ላይ ስኳር እንነሰንሳለን። ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ባለሱቅ «ዝርዝር የለኝም» ብሎ ለልጅ በመልስ ፋንታ ከረሜላ ሲሰጥ ነው። ከረሜላ ጥርስ ላይ ተጣብቆ ይቆያላ!

ገብስ ቆሎ ሲታኘክ ምራቅ ያመጣል። ጥርስ መሃል ግን ይቀራል፤ ስለዚህ በውሃ መጉመጥመጥ ነው። በፍስክ ወተትና አይብ፣ በጾም ጎመን ለጥርስ የሚሆን ካልሲየም አላቸው። መፋቂያውንም አልጠላም። ማታ ግን ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ቦርሾ መተኛት ይሻላል፤ ስንተኛ ምራቅ ይቀንሳል። ከቦረሹ በኋላ ታዲያ ሻይ የለም።

እኔ አሁን አንድ ማንኪያ ላይ ደርሻለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ሻዩ እንደ እጣቢ ነበር፣ አልዋሽም። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ መግዛቴን ግን አልተውኩም። ሽምብራውን እየለቀምኩ አጠገቤ ለተቀመጠ እሰጣለሁ።