ላብ የማያልባቸው ፍቅረኞች

ድሬዳዋ ላይ ከምሳ በኋላ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ብቻውን አያነብም፤ እሱ አንድ ገጽ ሲገልጥ ቬንትሌተሩ ሦስት ይገልጥለታል። ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ እኔ ዘንድ የደረሱትን የፍቅር ልቦለዶች የጨረስኳቸው እንዲህ ከነፋስ ጋር እየተሻማሁ ነው። የአንዱ ጀግና ሐኪም ነው፣ የሌላው ከአሜሪካ የመጣ ነው፣ የሦስተኛው ምን እንደሚሠራ ደራሲውም አልነገረን። በአንድ ነገር ግን ሁሉም ይስማማሉ፤ የሚያልበው ሰው የለም። ያለቅሳሉ፣ ይሰክራሉ፣ ደማቸው ይፈላል፣ ልባቸው ከደረታቸው ሊወጣ ይደርሳል፤ ከግንባራቸው ግን አንዲት ጠብታ አትወርድም።

ጀግናው ካፖርቱን ደርቦ ይመጣል። እሷ ሻርፕ ጣል አድርጋለች። ሻርፑ ይወድቃል፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ያነሳል፣ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ፤ አለቀ። ሻርፑን ጠበቅ አድርጋ ብታስረው ኖሮ 300 ገጽ ወረቀት ይተርፍ ነበር። የኛ ሰፈር ልጅ ሻሿን የምትይዘው በመርፌ ቁልፍ ነው፤ ለነፋስም ለፍቅርም አይወድቅም። ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ዛፎች ሥር ካፖርት ለብሶ የሚንጎራደድ ወንድ ቢገኝ ደግሞ ማንን አፍቅሮ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ወባ ይዞት ነው እንላለን፣ ክሊኒክ እንወስደዋለን።

ዝናቡስ? ደራሲዎቻችን ፍቅሩ ሲቀዘቅዝባቸው ዝናብ ያወርዳሉ። ጥንዶቹ ጃንጥላቸውን ጥለው ይበሰብሳሉ፣ ይስቃሉ፣ ይሳሳማሉ። እዚህ ግን እኛ ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ ዘንቦ የደቻቱ ወንዝ ሊሞላ ይችላል። በ1998 ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ከዚያ ወዲህ በተራራው በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ስልክ ይደወላል፦ «ከደቻቱ ማዶ ነህ ወይስ ወዲህ?» ይህን ጥያቄ በአንድም የፍቅር ልቦለድ ውስጥ አላገኘሁትም። ከ«እወድሃለሁ» ግን ይበልጣል ባይ ነኝ።

አንዱ ልቦለድ፣ እግዜር ይስጠው፣ ደፍሮ ድሬ ድረስ መጥቷል። ደራሲው ያላየውን አገር እንደሚጽፍ የገባኝ የመለያየቱ ምዕራፍ ላይ ነው። በፌስቡክ የተዋወቁ ልጆች ከዚራ ባቡር ጣቢያ ቆመው ይሰነባበታሉ፤ ባቡሩ ያፏጫል፣ እሷ መሀረብ ታውለበልባለች፣ እሱ በመስኮት ወደ አዲስ አበባ ይርቃል። በየትኛው ባቡር? ሐዲዱ በ1895 ደርሶ ከተማዋን የቆረቆራት ያ አሮጌው ባቡር ወደ አዲስ አበባ መሄዱን ከተወ ቆየ። በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪኩ ደግሞ ጣቢያው ከከተማ ወጣ ያለ ነው፤ ለመለያየት መጀመሪያ ባጃጅ ኮንትራት መያዝ ያስፈልጋል። ከባጃጅ ሹፌር ጋር በዋጋ ተከራክሮ ሲያበቃ እንባ የሚተርፈው ሰው ካለ እሱ በእውነት አፍቅሯል።

በ1958 የታተመውን ፍቅር እስከ መቃብርን አስታውሱ። ሐዲስ ዓለማየሁ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ለመለየት የዘር ሐረጉን፣ ማዕረጉን፣ የአባትየውን ትዕቢት፣ ባጠቃላይ አንድ ሙሉ ሥርዓት መሀላቸው አቁመዋል። የዘንድሮ ደራሲ የስልክ ባትሪ ይጨርሳል። ስልኩ ይዘጋል፣ እሷ ከዳኝ ትላለች፣ ሌላ ታገባለች። ቻርጀር የሚያውስ ጎረቤት እንዴት ይጠፋል?

ጎረቤትስ ቢሆን! ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ሳያውቅባቸው የሚፋቀሩ ጥንዶች አንብቤአለሁ። እኛ ዘንድ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤቱ ስለሚፋጅ ሰፈሩ በሞላ ምንጣፍና ወንበር ይዞ በር ላይ ይወጣል። በዚያ መሀል ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሆኖ ማለፍ በሰልፈኛ ፊት እንደማለፍ ነው።

«ያ ትናንት አብሮሽ የነበረው ማነው?»

«የክፍሌ ልጅ ነው እትዬ።»

«አቦ ተይ! ለክፍል ልጅ ነው ይሄን ሁሉ ሽቶ?»

ይቺ እትዬ በማንኛውም ልቦለድ ብትገባ ምዕራፍ 2 ላይ ሽማግሌ ተልኮ መጽሐፉ ይዘጋ ነበር።

ሥራ አስኪያጁን የምታፈቅር ጸሐፊ ያለችበትም ነበረ። «እርስዎ» ማለቷን ትታ «አንተ» እስክትለው ዘጠኝ ምዕራፍ ተንቀጠቀጥን። ድሬ ላይ ይሄ ጣጣ የለም፤ ሥራ አስኪያጁን ዘበኛውም አንተ ነው የሚለው።

እውነቱን ለመናገር ከጽሑፉ ይልቅ የጣመኝ ኅዳጉ ነው። አንደኛው መጽሐፍ እኔ ጋ እስኪደርስ ስንት ቤት እንዳደረ እንጃ፤ ሽፋኑ በስኮች ተጣብቋል፣ አንዱ ገጽ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ማኅተሙን አሳርፏል። ገጽ 112 ላይ ጀግናዋ ምስጢሯን ደብቃ ስትሰቃይ አንዷ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ንገሪው እንጂ!» ብላታለች። ከሥር በሌላ እጅ ጽሕፈት፦ «ነግራዋለች፣ ገጽ 40ን እይ። ደራሲው ረስቶ ነው።» ሄጄ አየሁ፤ እውነትም ነግራዋለች። እንዲህ ያለ አርታኢ ሰፈራችን ውስጥ በነፃ ተቀምጦ ደራሲው ለማሳተሚያ ገንዘብ ይከፍላል።

የባለሱቁ የሐጂ ልጅ መጽሐፉን ከእኔ ተውሳ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ ጨረሰችው። ሐጂ ራሱ ልቦለድ አያነብም፤ ስኳር እየመዘነ ታሪኩን ከእሷ ይሰማል። በቀደም ሳሙና ልገዛ ገብቼ ክርክራቸው ላይ ደረስኩ።

«ቆይ፣ ይሄ ልጅ ሥራው ምንድነው?»

«አርክቴክት ነው።»

«መቼ ነው የሚሠራው?»

ልጅቷ መጽሐፉን ወደፊትም ወደኋላም ገለጠች። ልጁ ቡና ጠጥቷል፣ ሐይቅ ዳር ሄዷል፣ በቅናት አንድ ብርጭቆ ሰብሯል፣ ሦስት ሌሊት ሆቴል አድሯል።

«አንተ ደሞ! ፍቅር ይዞት ነዋ።»

«የሆቴሉንስ ማን ከፈለ?»

እኔንም አየችኝ፤ ማንም አልከፈለም።

«ወላሂ፣ እዚህ ሱቅ ቢመጣ ዱቤ አልሰጠውም» አለ ሐጂ፣ የስኳሩን ፌስታል እየቋጠረ።

«ለእሷስ?»

«ለእሷ እሰጣለሁ። እሷ እንኳ ደሞዝ ስትቀበል አንብበሽልኛል።»