ማስተካከያ፦ ስለ መጀመሪያ ሞተር ብስክሌት ምርጫ

ባለፈው አውሮፓ ላላችሁ አዲስ ነጂዎች «በኤ2 (ጉልበታቸው መካከለኛ ለሆኑ ሞተር ብስክሌቶች በሚሰጠው) መንጃ ፈቃድ የትኛውንም ሞተር ጉልበቱን ወደ 35 ኪሎዋት አስቀንሶ መንዳት ይቻላል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። የሚቀነስለት ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ጉልበቱ ከ70 ኪሎዋት መብለጥ የለበትም። ስለዚህ 55 ኪሎዋት አካባቢ ያለው ያማሃ ኤምቲ-07 ይሆናል። በምሳሌነት የጠቀስኩት ያማሃ አር1 ግን ቢቀነስም አይሆንም። መልኩ ልብ ይሰርቃል፤ እኔንም ሳያሳስተኝ አልቀረም።

ክብደትንም ዘልዬዋለሁ። ለአንድ ኪሎ ከ0.2 ኪሎዋት በላይ አይፈቀድም። ሙሉ 35 ኪሎዋት ያለው ሞተር ቢያንስ 175 ኪሎ መመዘን አለበት ማለት ነው። ሆንዳ ሲቢ500ኤፍ ያለ ምንም ቅነሳ ያልፋል።

ያገለገለ ስትገዙ ሻጩ «ተቀንሷል» ካላችሁ፣ መጀመሪያ ወረቀቱን አሳየኝ በሉት።