እርማት፦ «እግዜር ከአቅም በላይ አይሰጥም» ስለሚባለው
ወንድሜ፣ ልጇን ለቀበረችው እህታችን «እግዜር ከአቅም በላይ አይሰጥም፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 10፥13ን አንብቢ» ብለህ የጻፍክላት በቅን ልብ እንደሆነ አይጠፋኝም፣ ለቅሶ ቤትም ሁሌ የሚባል ነገር ነው፣ ግን ጥቅሱ እንደዛ አይልም። እስቲ ምዕራፉን ከላይ ጀምረህ አንብበው፣ ጳውሎስ የሚያወራው ስለ ጣዖት፣ ስለ ዝሙት፣ በረሃ ላይ ስላጉረመረሙት እስራኤላውያን ነው፣ መውጫውን ያዘጋጃል ያለውም ወደ ኃጢአት ለሚጎትት ፈተና ነው። ስለ ሐዘን አይደለም። ስለ መከራ ሲሆንማ ራሱ ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 1፥8-9 ላይ እስያ ውስጥ የደረሰብን ከአቅማችን በላይ ነበር፣ በሕይወት ለመኖር እንኳ ተስፋ ቆርጠን ነበር ይላል፣ ይሄም የሆነው በራሳችን እንዳንታመን ነው ብሎ። እና «ትችይዋለሽ» ስትላት ያቃታት ቀን እምነቴ ደካማ ነው ብላ ራሷን ነው የምትወቅሰው (እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው)። ኤልያስ ክትክታ ዛፍ ስር ተቀምጦ ሞቴን ስጠኝ ሲል መልአኩ ስብከት አልጀመረለትም፣ እንጎቻና ውሃ ነው ያቀረበለት፣ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ፣ መልአኩ ደግሞ ቀሰቀሰውና «መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ተነስተህ ብላ» አለው። አንተም ይልቅ ደውልላት፣ ወይ ምሳ ይዘህ ሂድ።