ጎጆ ያልነበረበት የምርጫ ወረቀት

ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሐዋሳ የተሰለፈችው ገና ሳይነጋ ነው። እኔም ጋቢዬን ደርቤ ከሰልፉ ውስጥ ነበርኩ። የምርጫ ወረቀቱ ላይ ሁለት ምልክት ነበር፤ ሻፌታና ጎጆ። ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን የሚል ሻፌታን፣ በደቡብ ክልል ውስጥ ይቆይ የሚል ጎጆን ይመርጣል። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ሳይቀሩ የትኛው ምን ማለት እንደሆነ አሳምረው ያውቁ ነበር። ውጤቱ ሲነገር ሻፌታ 98.5 ከመቶ አገኘ።

ይህን ያስታወሰኝ ሰሞኑን አሞራ ገደል ዓሣ ስንበላ የተነሳ ክርክር ነው። ከእኛ ጋር አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ወሬው ዩክሬን ላይ ደረሰና የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትራምፕ እ.ኤ.አ. በ2025፣ ሩሲያ በ2014 ከዩክሬን የወሰደቻት ክራይሚያ ከሩሲያ ጋር ትቀራለች ማለታቸው ተነሳ። ይሄኔ አንድ ባለባጃጅ ልጅ ጣልቃ ገባ። «ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ሕዝቡ በ96 ከመቶ መርጦ የለ እንዴ? እኛም በ98 መርጠናል። የእኛ ትክክል ከሆነ የእነሱ ለምን ውሸት ይሆናል?»

ጋሼ ዝም ብለው የዓሣቸውን እሾህ ይለቅማሉ። እኔም የረባ መልስ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ነው ማሰላሰል የጀመርኩት።

ልጁ አንድ ነገር ላይ ልክ ነው። ቁጥር ብቻውን ሌባ አያሲዝም። የክራይሚያ ውጤት 96.77 ከመቶ ነው ሲባል ብዙ ሰው «አይ፣ ይኼማ ተሠርቷል» አለ። እኛ ግን ከዚያ የሚበልጥ ቁጥር አይተናል። ኤርትራም በ1985 ዓ.ም. 99.8 ከመቶ ነፃነትን መርጣ፣ የተባበሩት መንግሥታት ታዛቢዎች ቆመው እያዩ፣ አዲስ አበባም ተቀብላው አልፏል። ስለዚህ ከመቶኛው በፊት ወረቀቱን ማየት ይሻላል።

ክራይሚያ ውስጥ እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 2014 ለሕዝቡ የተሰጠው ወረቀት ሁለት ጥያቄ ነበረው። አንደኛው ክራይሚያ ከሩሲያ ጋር ትቀላቀል ይላል። ሁለተኛው የ1992ቱ የክራይሚያ ሕገ መንግሥት ይመለስና ክራይሚያ የዩክሬን አካል ትሁን ይላል። ስሙ ዩክሬን ይባል እንጂ ያ ሕገ መንግሥት ክራይሚያን ግማሽ አገር የሚያደርግ ነበር። «ያለው እንዳለ ይቀጥል» የሚል ሰው ምልክት የሚያደርግበት ቦታ አጣ። በሐዋሳ ቋንቋ ልንገራችሁ፤ ጎጆ አልነበረም።

ሁለተኛው ነገር ጊዜው ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 27 ቀን 2014 መለያ ያላደረጉ ታጣቂዎች የክራይሚያን ምክር ቤት ያዙ። በዚያው ቀን አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር ተሾመ። ሕዝበ ውሳኔው መጀመሪያ ለግንቦት 25 ተባለ፣ ቀጥሎ ወደ መጋቢት 30 ተሳበ፣ በመጨረሻ ወደ መጋቢት 16 መጣ። ታጣቂዎቹ በገቡ በ17ኛው ቀን ማለት ነው። እኛ አገር ሠርግ እንኳ በ17 ቀን አይደገስም። ፑቲን ወታደሮቹ የእኔ አይደሉም ሲሉ ከርመው ሚያዝያ ላይ የሩሲያ ወታደሮች እዚያ እንደነበሩ ራሳቸው አመኑ።

ሕዝቡ ሩሲያን አልፈለገም እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001ዱ የሕዝብ ቆጠራ ከክራይሚያ ነዋሪ 58 ከመቶው ሩሲያዊ ነው። መሬቱም እስከ እ.ኤ.አ. 1954 ድረስ በሩሲያ ሥር ነበር። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም ከሕዝበ ውሳኔው በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሰዎችን ሲጠይቅ 91 ከመቶዎቹ ምርጫው ነፃና ፍትሐዊ ነበር ብለዋል። ይህን ቁጥር ምዕራባውያን ብዙ ጊዜ ማንሳት አይወዱም። በሌላ በኩል ከሕዝቡ 12 ከመቶ ገደማ የሆኑት የክራይሚያ ታታሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1944 ስታሊን በባቡር ጭኖ ወደ መካከለኛው እስያ ያጋዛቸው፣ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይተው የተመለሱ ናቸው። የእነሱ ምክር ቤት፣ መጅሊሱ፣ ሕዝቡ ድምፅ እንዳይሰጥ ጥሪ አደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ መጅሊሱ ራሱ ታገደ።

ለባለባጃጁ ልጅ አሁን ባገኘው በጠለፋ ነበር የማስረዳው። ልጅቷ ልጁን ትወደው ይሆናል። ግን ሽማግሌ ሳይላክ፣ በሌሊት በር ተሰብሮ፣ ከተወሰደች በኋላ «ኧረ እሷም ትወደኝ ነበር» ቢል የትኛው ቤተሰብ ይሰማዋል?

አሁን ዓለም ምን አለ ወደሚለው ልምጣ። ሕዝበ ውሳኔው ሊካሄድ አንድ ቀን ሲቀረው የጸጥታው ምክር ቤት ውጤቱ ዋጋ የለውም የሚል የውሳኔ ሐሳብ ቀረበለት። 13 አገሮች ደገፉ፣ ቻይና ድምፀ ተዓቅቦ አደረገች፣ ሩሲያ ብቻዋን ሻረችው። ከደጋፊዎቹ ሦስቱ አፍሪካውያን ነበሩ፤ ናይጄሪያ፣ ቻድና ሩዋንዳ። መጋቢት 27 ነገሩ ወደ ጠቅላላ ጉባኤው ሄደ። 100 አገሮች ለዩክሬን የግዛት አንድነት ድምፅ ሰጡ፣ 11 ተቃወሙ፣ 58 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ከተቃዋሚዎቹ ውስጥ ጎረቤታችን ሱዳን አለች። ኢትዮጵያ ከ58ቱ አንዷ ናት። ኤርትራም እንደዚያው። በዚያ ዘመን አዲስ አበባና አስመራ ስልክ እንኳ አይደዋወሉም ነበር፤ ኒው ዮርክ ላይ ግን አንድ ሳጥን ውስጥ ገቡ።

ምዕራቡ ሩሲያን ከቡድን ስምንት አስወጣና ስሙ ቡድን ሰባት ሆነ። የአውሮፓ ኅብረት መጀመሪያ 21 ሰዎችን ከጉዞ አግዶ ንብረታቸውን አገደ። ማክዶናልድስ ከክራይሚያ ወጣ። ቪዛና ማስተርካርድም በዓመቱ መጨረሻ እዚያ መሥራት አቆሙ።

ማዕቀብ የሚለው ቃል ሐዋሳ ውስጥ የመጽሐፍ ቃል አይደለም። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያ ዕድል፣ ልታስወጣ መሆኗ ሲሰማ፣ ኢንዱስትሪ ፓርካችን ውስጥ ትልቁ ስም የነበረው የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ፒቪኤች በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፋብሪካውን ሊዘጋ እንደሆነ አስታወቀ። እገዳው ሥራ ላይ የዋለው በታኅሣሥ ነው። ጦርነቱ ያለው ከዚህ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ነበር። ሥራ ያጡት ግን ከገጠር መጥተው አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል የሚከራዩ፣ ሸሚዝ ሲሰፉ የሚውሉ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ጓደኞቼ «የፈረንጅ ማዕቀብ» ሲባል ፊታቸው ቢቋጠር አልፈርድባቸውም። ክራይሚያ ውስጥም ካርዱ አልሠራ ያለው ጡረተኛ ታንክ አልነዳም።

ሩሲያ ላይ ያለን ስሜትም ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ከዓድዋ በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቁስለኞቻችንን አክሟል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ሞስኮ በጸጥታው ምክር ቤት ከጎናችን ቆማለች ብሎ የሚያምን ብዙ ነው። በ2014 ዓ.ም. ሚያዝያ አዲስ አበባ የሩሲያ ኤምባሲ በር ላይ ልንዘምት ነው ብለው የተሰለፉ ወጣቶችን ሁላችንም አይተናል። አንዳንዱ ፍቅር ነበረው፤ አብዛኛው ግን ሥራ ፍለጋ ይመስለኛል።

ሰልፉ ካለፈ ከወራት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022፣ ያው ፊልም ተደገመ። ዶኔትስክ፣ ሉሃንስክ፣ ዛፖሪዥያና ኬርሶን ላይ ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ ተባለ። ይህኛው ክራይሚያን እንኳ ያስመሰግናል። ጦርነቱ እየተካሄደ፣ ሩሲያ ራሷ አራቱንም ሙሉ በሙሉ ሳትቆጣጠር ነው ድምፅ የተሰበሰበው። ዶኔትስክ ውስጥ 99 ከመቶ፣ ኬርሶን ውስጥ 87 ከመቶ ተባለ። ሁለት ወር ሳይሞላ የሩሲያ ጦር የኬርሶንን ከተማ ለቆ ወጣ፤ ሕዝቡም አደባባይ ወጥቶ የዩክሬንን ወታደሮች አቀፈ። 87 ከመቶው የት ገባ ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ጠቅላላ ጉባኤው ዳግም ድምፅ ሰጠ። 143 ለ5፣ 35 ድምፀ ተዓቅቦ። እ.ኤ.አ. በ2014 ከእኛ ጋር ተዓቅቦ ላይ የነበረችው ኬንያ አሁን ደገፈች። አምባሳደሯ ማርቲን ኪማኒ ጦርነቱ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት በጸጥታው ምክር ቤት የተናገሩትን አስታውሳለሁ። የአፍሪካን ድንበር ያሰመሩት ቅኝ ገዢዎች ናቸው፣ ወንድማችን ከድንበሩ ማዶ ቀርቷል፣ ሆኖም በጦር እንቀጥለው አላልንም ነው የሐሳባቸው ፍሬ። በ1956 ዓ.ም. ካይሮ ላይ የአፍሪካ መሪዎች ድንበራችን እንዳለ ይከበር ብለው የወሰኑት ይህንኑ ነው። ከማንም በላይ ይህን ውሳኔ ስትጠቅስ የኖረችው ደግሞ ኢትዮጵያ ናት። ከሶማሊያ ጋር በነበረው ክርክር ዋናው መከላከያችን ነበር። ኢትዮጵያ ግን በ2022ም ከ35ቱ መሐል ተገኘች።

እኔ የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ ድምፀ ተዓቅቦውን «ገለልተኝነት» እያለ ያቆላምጠዋል። ዲፕሎማቶቻችን ስንዴውን፣ ማዳበሪያውን፣ ብድሩን አስበው እንደሆነ ቢነግሩን ይሻላል፤ እንረዳለን። ገለልተኝነት ብሎ መኩራት ግን ለእኛ አያምርብንም፤ ምክንያቱም ድምፀ ተዓቅቦ በእኛ ላይ ተፈጽሟል።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ የተናገሩትን ሁሉም ያውቃል። ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚያወራው ግን ትንሽ ነው። ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር ለመከላከያዋ ብድር እንዲያመቻችላት ጠይቃ ነበር። ድምፅ ተሰጠ። 23 ተቃወሙ። 1 ደገፈ፤ እሱም የራሷ የኢትዮጵያ ድምፅ ነው። 25 አገሮች ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። በዚያው ሰሞን በጣሊያን ላይ የነበረው ማዕቀብ ተነሳ።

የጣሊያንን ወረራ አንቀበልም ብለው የቀሩት ጥቂት ናቸው። ሜክሲኮ አንዷ ናት። አዲስ አበባ ላይ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ብሎ የሚጠራው አደባባይ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ሶቪየት ኅብረትም ያኔ እውቅና ካልሰጡት ውስጥ ነበረች፤ የዛሬ የሩሲያ ወዳጆች ይህንንም ቢጨምሩበት ደስ ይለኛል። ድምፀ ተዓቅቦ ባደረጉት አገሮች ስም የተሰየመ አደባባይ ግን አላውቅም።

አንባቢ «የእናንተስ ቤት?» ቢለኝ መልስ የለኝም። በ1955 ዓ.ም. የኤርትራ ምክር ቤት ፌዴሬሽኑን አፍርሶ ከኢትዮጵያ ጋር ተዋሐደ ተባለ። ያ ድምፅ እንዴት እንደተሰጠ እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል፤ ፌዴሬሽኑን ያቆመው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ጸጥ አለ። ዝምታው ያባባሰውን የሠላሳ ዓመት ጦርነት የከፈልነው እኛና ኤርትራውያን ነን። ኮሶቮንና ኢራቅን እያነሱ ምዕራቡን ግብዝ የሚሉትም አልተሳሳቱም። የእነሱ ግብዝነት ግን ለክራይሚያው ወረቀት ጎጆ አይስልለትም።

ጋሼ በማግስቱ አገኙኝና «ስለ ትራምፕ ያልከውን አሰብኩበት» አሉኝ። እኔ ምንም አላልኩም ነበር፤ ግን ማዳመጥ ይሻላል። የትራምፕ የመጀመሪያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 ክራይሚያ ለሩሲያ መሆኗን መቼም አንቀበልም ብሎ መግለጫ ማውጣቱን አስታወሱኝ። ያን መግለጫ ያወጡት ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማይክ ፖምፔዮ ናቸው። ሰባት ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠ። ሰላም ይምጣ እንጂ መሬቱ ይሂድ ነው አሁን የሚባለው።

«ይኼን እኮ ቸምበርሌንም ብሎታል» አሉ ጋሼ። ቸምበርሌን ጠቅላይ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ ብሪታንያ ሙሶሊኒን ከሂትለር ለመነጠል ብላ ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ላላት ግዛት እውቅና የሰጠችው በኅዳር 1931 ዓ.ም. ነው። ንጉሡ እዚያው እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ፣ በስደት ላይ ነበሩ። ከዚያ ሙሶሊኒ ከሂትለር ጋር ሆነ። በጥር 1933 ዓ.ም. ንጉሡ ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው ሲገቡ አብሯቸው የነበረው ያው እውቅናውን የሰጠው የብሪታንያ ጦር ነው።